የአሻንጉሊት ቆዳ፦ ባለ ኳስ መገጣጠሚያ አሻንጉሊቶችና የሬዚናቸው ጥራት

ባለ ኳስ መገጣጠሚያ አሻንጉሊት የሰብሳቢዎች ዕቃ ነው፤ ለልጅ መጫወቻነት አልተሠራም። አንገቱ፣ ትከሻው፣ ክርኑ፣ ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ክብ ክብ መገጣጠሚያ አለው። አካሉ ውስጡ ክፍት ነው። በመሃል ወፍራም ላስቲክ ያልፍና ክፍሎቹን ሁሉ ወጥሮ ይይዛቸዋል። ተቀምጦ፣ ቆሞ ወይም አገጩን በእጁ ደግፎ መቆየት የሚችለው በዚህ ነው። ዓይኑ ይወልቃል። ዊጉ ይቀየራል። የፊቱ ቀለም ታጥቦ እንደ አዲስ ይሳላል። ልብሱንማ ተዉት። ሬዚኑ፣ ማለትም አካሉ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ግን አይቀየርም። አንዴ የገዙት ቆዳ አብሮ ይኖራል፤ እያደር ያረጃልም። ሰብሳቢዎች ስለ ሬዚን ሲነሳ ክርክር የማይሰለቻቸው ለዚህ ነው።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ "የየትኛው ኩባንያ ሬዚን ይሻላል?" በሚል ይጀምራል። ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልስ የለውም። "ጥሩ ሬዚን" ሲባል ብዙ ነገር በአንድ ቃል ይጠቀለላል፦ የቀለሙ ጥልቀት፣ ጥንካሬው፣ ክብደቱ፣ ሲቀዳ የተደረገለት ጥንቃቄ፣ ከዓመታት በኋላ የሚይዘው መልክ። በአንዱ የበለጠው በሌላው ሊያንስ ይችላል። ዓይን የሚስበው ሬዚን ቀድሞ የሚወይበው ሆኖ መገኘቱም ያለ ነው።

ከየት መጣ?

የኳስ መገጣጠሚያ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጀርመን ተወላጁ ሠዓሊ ሐንስ ቤልመር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የኳስ መገጣጠሚያ ያላቸው ትልልቅ አሻንጉሊቶችን ሠርቶ ነበር። የእሱ ሥራ ዮትሱያ ሲሞንን የመሳሰሉ የጃፓን አሻንጉሊት ሠሪዎችን አነሳሳ። የዛሬው የሰብሳቢዎች ዓለም የተጀመረው ግን የጃፓኑ ቮልክስ ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ሱፐር ዶልፊ የተባለውን አሻንጉሊት ለገበያ ሲያቀርብ ነው። ቁመቱ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ቮልክስ ከዚያ በፊት ገዢው ራሱ ገጣጥሞ የሚቀባቸውን የሬዚን ሞዴሎች ይሠራ ነበር። ስለዚህ አሻንጉሊቱንም የሠራው እጁ ከለመደው ነገር ነው፤ ከፖሊዩሬታን ሬዚን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ሉትስ፣ ሱም፣ ፌሪላንድና አይፕልሃውስ ያሉ የደቡብ ኮሪያ ኩባንያዎች ገበያውን ተቀላቀሉ። የቻይና አምራቾችም ተከተሉ። ዛሬ ዋናዎቹ መጠኖች ሦስት ናቸው፦ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች። ከነዚህ የሚያንሱም የሚበልጡም አሉ።

ሬዚኑ ሲሠራ

ፖሊዩሬታን የሁለት ፈሳሾች ውጤት ነው። አንዱ ፖሊዮል ይባላል፣ ሌላው አይሶሳያኔት። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሙቀት ይፈጥራሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥም መጠንከር ይጀምራሉ። ሠራተኛው ከዚያ በፊት ቀለሙን አዋህዶ ድብልቁን የሲሊኮን ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ መጨመር አለበት። ለማመንታት ጊዜ የለውም።

እርጥበት የዚህ ሥራ ዋና ጠላት ነው። አይሶሳያኔት ውኃ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ሬዚኑም አረፋ ይይዛል። አየርም በመቀላቀል ጊዜ ይገባል። ጥንቁቅ አምራች ድብልቁን በቫኪዩም ያናፍሰዋል፤ ወይም ሞልዱን ግፊት ባለው ጋን ውስጥ ያስገባና የቀረችው አረፋ ዓይን እስከማያያት ድረስ እንድትጨመቅ ያደርጋል። ይህን የዘለለ አምራች በምርጥ ኬሚካልም ቢሆን የተበሳሳ ጣት ነው የሚያወጣው።

ሞልዱም ዕድሜ አለው። ሲሊኮን ትኩስ ሬዚን በተቀዳበት ቁጥር ይጎዳል። ከጥቂት ደርዘን ቅጂ በኋላ ጠርዙ ይደክማል፣ ገጹ ይሻክራል፣ ቀጫጭን ቦታዎቹ ይቀደዳሉ። አዲስ ከሆነ ሞልድ የወጣ ፊት የዓይን ቆቡ ጥርት ብሎ ይታያል። ካረጀ ሞልድ የወጣው ያው ፊት ትንሽ ደብዘዝ ይላል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት አሻንጉሊት ገዝተው አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ሲያማርር ብትሰሙ አትገረሙ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ነገሮች በቀላሉ ይታያሉ። ከጆሮ ጀርባ፣ በጣቶች መሃልና በእግር ውስጠኛ ጎን ቀጭን መስመር ይፈለጋል። የሞልዱ ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ነው። አንዳንድ አምራቾች በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ያጠፉታል፤ ሌሎች ለገዢው ይተዉታል። መስመሩ መኖሩ በራሱ ጉድለት አይደለም። ሁለቱ ጎኖች ሳይገጥሙ ደረጃ ከሠሩ ግን ሞልዱ ተንሸራቷል ማለት ነው። ቀጥሎ የጭንቅላቱን ክዳን ከፍቶ ጠርዙን ማየት ነው። አረፋ ካለ እዚያ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ክዳኑ ጭንቅላቱ ላይ ያለ ግፊት ገጥሞ፣ ሳይወዛወዝም ከተቀመጠ ሥራው ንጹሕ ነው።

የቀለም ጥልቀት

ብዙ ሰው የሚማረከው እዚህ ነው። አንዳንዱ ሬዚን ድፍን ነው፤ ብርሃን ገጹ ላይ አርፎ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ ብርሃንን ትንሽ ወደ ውስጥ ያስገባል። አሻንጉሊቱን መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ ጆሮውንና የጣቱን ጫፍ ብታዩ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል። ድፍኑ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ብርሃን አሳላፊው ጠርዙ ላይ ሞቅ ያለ ቀለም ያወጣል፣ ቆዳው ሕይወት ያለው ይመስላል። በፎቶ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሰብሳቢዎች "የፈረንሳይ ሬዚን" የሚሉት የዚህ ዓይነቱን ነው። ከበድና ጠጠር ያለ፣ ሰም የመሰለ ጥልቀት ያለው፣ ሲነኩት ቀዝቀዝ የሚል። ስሙ በገበያ የሚዞር ስም ነው እንጂ አንድ ወጥ የቴክኒክ ደረጃ አይደለም። አንድ ሻጭ "የፈረንሳይ ሬዚን ነው" ስላለ ብቻ ዋጋ መጨመር አይገባም። ድፍኑም ቢሆን የራሱ ብልጫ አለው። ጥላና ብርሃን ቅርጹን አጉልቶ ያሳያል፣ የፊት ስዕልም ጥርት ብሎ ይወጣበታል። አብዛኛውን ጊዜ ድፍን የሚያደርገው ነጩ ቀለም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ቀለም በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚውጥ የሬዚኑን ውስጥ በመጠኑ ይከላከላል። በአሳላፊው ሬዚን ላይ ይህ ጋሻ ስስ ነው። ውበቱ የሚከፈልበት እዚህ ጋ ነው።

ጥንካሬና ክብደት

ጠንካራ ሬዚን ዝርዝርን ይይዛል። ጥፍር፣ የከንፈር ስንጥቅ፣ የጣት መገጣጠሚያ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ሲወድቅ ግን ቀጭን ጣት ጠቅ ብሎ ሊሰበር ይችላል። ለስለስ ያለው በቀላሉ ይሞረዳል፣ ለማሻሻልም ይመቻል፤ በምትኩ ቶሎ ይጫራል። ሬዚኑ መገጣጠሚያው ላይ ሲነካኩት የሚሰጠው ስሜትም ይለያያል። በጣም የለሰለሰ ገጽ ያንሸራትታል፣ አሻንጉሊቱም ቆሞ ሳለ ጉልበቱ ይከዳዋል። ትንሽ ሸካራነት ያለው እርስ በርስ ይያያዛል። ላስቲኩን አጥብቆም መቆም እምቢ ካለ ሰብሳቢዎች መገጣጠሚያው ውስጥ ስስ ቆዳ ይለጥፋሉ ወይም የሙቅ ሙጫ ንጣፍ ይቀቡበታል። ይህ በየትኛውም ሬዚን ላይ የሚሠራ መፍትሔ ነው። ለዚያ ሲባል ብቻ አንድን አሻንጉሊት መተው ያሳዝናል።

ክብደት ግን በጥራት ምልክትነት ከሚገባው በላይ ይወራለታል። 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አሻንጉሊት ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እጅ ላይ የሚሰማው ክብደት ደስ ይላል። ነገር ግን ክብደቱ ከሬዚኑ ይልቅ ከግድግዳው ውፍረት ሊመጣ ይችላል። ውስጡ ወፍራም ሆኖ የተቀዳ ተራ ሬዚን በስሱ ከተቀዳ ምርጥ ሬዚን ሊከብድ ይችላል።

መወየብ

አሁን ወደ ዋናው ስጋት እንምጣ። ለአሻንጉሊት የሚውለው ፖሊዩሬታን በአብዛኛው አሮማቲክ ከሚባለው የአይሶሳያኔት ዓይነት የሚሠራ ነው። ይህ ዓይነት ርካሽና ለመቅዳት ምቹ ነው። አልትራቫዮሌት ሲመታው ግን ሞለኪውሉ ውስጥ ቢጫ ቀለም የሚሰጡ ውሁዶች ይፈጠራሉ። ሙቀት ያፋጥነዋል። ጨለማ ያዘገየዋል እንጂ ጨርሶ አያስቆመውም። አምራቾች ጨረር መከላከያ ኬሚካል ይጨምራሉ፤ እሱም ጊዜ ይገዛል። "የማይወይብ ሬዚን" ብሎ የሚሸጥ ካለ በጥንቃቄ ስሙት።

የመስኮት መስታወት ያድናል የሚል እምነት አለ። ተራ መስታወት ከአልትራቫዮሌት ጨረር የአጭሩን ሞገድ አብዛኛውን ክፍል ያስቀራል፤ ረጅሙን ግን ያሳልፋል። ሬዚንን ለማወየብ ይህም ይበቃል። በጥላ መደርደሪያ፣ ልብስ አልብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ ማስቀመጥ የሚመከረው ለዚህ ነው። ፊቱን በሚቀቡበት ጊዜ ጨረር የሚቀንስ መሸፈኛ ስፕሬይ መጠቀምም ይረዳል።

ሁሉም ቀለም እኩል አያረጅም። ነጩ ለውጡን ፈጥኖ ያሳያል፤ ወደ ክሬም፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ፈካ ያለው የቆዳ ቀለም ቢወይብም ሞቅ ያለ ስለሚመስል ብዙም አያስከፋም። ጠይሙና ጥቁሩ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ቀለሙ በደንብ ካልተዋሃደ ዥጉርጉር ይሆናል። ጭረት ነጣ ብሎ ይታያል። የብርጭቆ ወረቀት ያረፈበት ቦታም ከሌላው ይለያል። አንዳንዱ ጠይም ሬዚን ሲያረጅ ቀይነቱን ያጣና አረንጓዴ የሚመስል ጥላ ይይዛል። ጠይም አሻንጉሊት የሚፈልግ ሰው ከኩባንያው ስም በፊት ዓመታት ያሳለፈ ተመሳሳይ አሻንጉሊት ፎቶ ቢፈልግ ይሻለዋል።

መወየብ መጀመሪያ የሚይዘው ገጹን ነው። ስለዚህ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ገጹን ማንሳት የተወሰነ ውጤት ይሰጣል። ጉዳቱ ግን ዝርዝሩም አብሮ መታጠቡ ነው። ሥራው በውኃ እየረጠበ፣ የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ተደርጎ መሠራት አለበት። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ እዚህ ላይ ቸልታ አያስፈልግም።

ጭንቅላቱ ከአንዱ፣ አካሉ ከሌላው

ብዙ ሰብሳቢ የአንዱን ኩባንያ ጭንቅላት በሌላው አካል ላይ ይሰካል። የቀለም ንጽጽር ፈተና የሚሆነው ያኔ ነው። ሁለት ኩባንያዎች "ነጭ" የሚሉት አንዱ ወደ ሮዝ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ያደላ ሊሆን ይችላል። አንድ ኩባንያም ቢሆን በየጊዜው የሚቀላቅለው ይለያያል፤ ካሜራው ደግሞ በራሱ ቀለም ያዛባል። የሚታመነው ንጽጽር ሁለቱ ሬዚኖች ጎን ለጎን ሆነው፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ፎቶ ላይ ሲታዩ ነው። ቀለሙ ቢገጥምም የአንዱ ድፍንነት ከሌላው አሳላፊነት ጋር ላይስማማ ይችላል። ያኔ በአምፖል ሥር አንድ የሚመስሉት ቀን ላይ ይለያያሉ። የተረፈውን ትንሽ ልዩነት አንገቱ ላይ በፓስቴል (በደረቅ የዱቄት ቀለም) ማለዘብ ይቻላል።

ከሬዚን ውጭ ያሉትም አሉ። ቮልክስ ራሱ ዶልፊ ድሪም የሚለውን አሻንጉሊት ከለስላሳ ቪኒል ይሠራል፤ በላስቲክ ፈንታ የውስጥ አጽም አለው። ቪኒል ሲወድቅ አይሰበርም፤ ከጥቁር ልብስ የሚለቀቅ ቀለም ግን በቀላሉ ወደ ውስጡ ይሰርጋል። ሬዚንም ቀለም ይይዛል። በሬዚን ላይ ያለው እድፍ ገና አዲስ ከሆነ ግን በረጠበ የሜላሚን ስፖንጅ ቀስ ብሎ ሊለቅ ይችላል። አሴቶን ማስጠጋት አይገባም፤ ገጹን ያሟሟዋል። በ3ዲ አታሚ የሚሠሩት አዳዲስ አሻንጉሊቶችም "ሬዚን" ይባላሉ። ኬሚካላቸው ግን ሌላ ነው፤ በብርሃን የሚጠነክር ነው። ከፖሊዩሬታን ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚቀዱት ቅጂዎች ደግሞ በሠሪው ላይ የሚደርስ በደል ናቸው። ሬዚን ሲጠነክር በጥቂቱ ስለሚኮማተር፣ ከተሠራ አሻንጉሊት ላይ ሞልድ ወስዶ የተቀዳ ቅጂ ከዋናው ትንሽ ያንሳል። የዋናውን ክፍል ልተካበት ቢሉ መገጣጠሚያው ላይ ልዩነቱ ይታወቃል።

ያገለገለ አሻንጉሊት የሚገዛ ሰው ሻጩን አንድ ፎቶ ይጠይቅ። የጭንቅላቱ ክዳን ይከፈት፣ ውስጡና ውጩ ባንድ ላይ ይታዩ፣ ከጎናቸው ነጭ ወረቀት ይቀመጥ፣ ፎቶው በቀን ብርሃን ይነሳ። ውስጡ ብዙ ብርሃን ስላላገኘው ከውጩ ይልቅ ለመጀመሪያው ቀለም ይቀርባል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሻንጉሊቱ በብርሃን ምን ያህል እንደተጎዳ ያሳያል።