«ምን ልጫወት?»፦ የጌም ምክር ከሰው ወደ ሰው እንዴት ይዞራል

ጌም የሚወዱ ሁለት ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ከተቀመጡ ከመካከላቸው አንዱ መጠየቁ አይቀርም፤ «ምን ልጫወት?» ይላል። አጭር መልስ አያገኝም። አንዱ «ይሄን ሳትጫወት ጌም አውቃለሁ እንዳትል» ይለዋል፣ ሌላው «ተወው ባክህ፣ ብርህን አታቃጥል» ይላል፣ ሦስተኛው የተጠየቀውን ትቶ ከአምስት ዓመት በፊት ስለጨረሰው ጌም ግማሽ ሰዓት ያወራል። የጌም ምክር ማለት ይሄው ነው። ለሥራ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚጫወቱ ሰዎች ምን እንደወደዱ፣ ምን እንዳስጠላቸው፣ ምን ቢገዛ እንደሚያዋጣ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ልማድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬ ብቻ ይመስላል እንጂ ብርና ጊዜ አለበት። ፊልም ቢያስጠላህ የሚሄድብህ ሁለት ሰዓት ነው። ትልልቅ ጌሞች ግን በወጡበት ሰሞን 60 ወይም 70 ዶላር ይሸጣሉ፣ ለመጨረስ ደግሞ 40፣ 60፣ አንዳንዴም ከ100 በላይ ሰዓት ይበላሉ። ሽፋን አይቶ መግዛት ምን እንደሚያመጣ ዓለም በ1982 አይቷል። አታሪ የሚባለው የጌም ኩባንያ በዚያ ዓመት የታወቀውን የኢ.ቲ. ፊልም ወደ ጌም ቀየረ፣ ለገና ገበያ እንዲደርስ ተብሎ በአምስት ሳምንት ገደማ ተሠራ፣ ሰው በፊልሙ ስም ገዛው፣ ከዚያ ተናደደ። ያልተሸጠው ካርትሪጅ (ጌሙ ያለበት ፕላስቲክ) አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ገባ። ብዙ ሰው ተረት ነው ሲል ኖረ፤ በ2014 ተቆፍሮ ወጣ።

ያኔ ምክር ከጓደኛ፣ ከሱቅ ሻጭ ወይም ከመጽሔት ነበር የሚገኘው። ጃፓን ውስጥ በ1986 የተጀመረው ፋሚትሱ የሚባል መጽሔት አራት ሰዎች አንድን ጌም እየተጫወቱ እያንዳንዳቸው ከ10 ነጥብ እንዲሰጡ ያደርጋል፣ ድምሩ ከ40 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ከ40 ያገኘው በ1998 የወጣው የዜልዳው ኦካሪና ኦፍ ታይም ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ1988 እስከ 2012 ኒንቴንዶ ፓወር የሚባል መጽሔት ነበር፤ የጀመረው ጌሞቹን የሚሠራው ኩባንያ፣ ኒንቴንዶ ራሱ ነው። ጠማቂ የራሷን ጠላ ቀጠነ ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቢሆንም ልጆች ይወዱት ነበር። ከባድ ቦታ ላይ ሲጣበቁ መውጫውን የሚያሳያቸው እሱ ነበራ።

የነጥብ ነገር ሲነሳ እኔ ሁሌ የማነሳው ዴሞንስ ሶልስ የሚባለውን ጌም ነው። በ2009 መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ። ፋሚትሱ 29 ከ40 ሰጠው፣ ማለትም ከመካከለኛ ትንሽ ከፍ ያለ። የፕሌይስቴሽኑ ባለቤት ሶኒም አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ አላወጣውም። በጣም ከባድ ነው፣ በየደቂቃው ትሞታለህ፣ ታሪኩ ምን እንደሆነ የሚነግርህ የለም። ግን ለእስያ አገሮች የተዘጋጀው ቅጂ እንግሊዝኛ ነበረው። ጥቂት ሰዎች እሱን እያስመጡ ተጫወቱና ማውራት ጀመሩ። «ከባድ ነው፣ ግን ስትሞት ጥፋቱ የራስህ መሆኑ ይገባሃል» የሚል ዓይነት ወሬ ነበር። ወሬው ወሬን ወለደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ አትለስ የሚባል ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ አወጣው፣ በ2010 አውሮፓ ደረሰ። በ2011 ዳርክ ሶልስ፣ በ2022 ኤልደን ሪንግ ተከተሉ። ዛሬ «ሶልስ መሰል» የሚባል የጌም ዓይነት አለ። አራቱ የፋሚትሱ ሰዎች ውሸት አልተናገሩም፤ ለእነሱ የሚሆን ጌም አልነበረም፣ በቃ። ጌሙ የሚሆናቸው ሰዎች ግን እርስ በርስ ተፈላልገው ተገናኙ።

ቁጥር ከዚያ በኋላም አልሞተም፣ እንዲያውም ጉልበቱ ጨመረ። በ2001 የተጀመረው ሜታክሪቲክ የተለያዩ ሐያሲያን የሰጡትን ነጥብ ሰብስቦ ከ100 አንድ ቁጥር ያወጣል። ለገዢ ይመቻል። ችግሩ አሳታሚዎችም ቁጥሩን ማየት መጀመራቸው ነው። ፎልአውት ኒው ቬጋስ በ2010 ሲወጣ የሠሩት ልጆች ሜታክሪቲክ ላይ 85 ቢያገኝ ጉርሻ ይከፈላቸው ነበር። 84 አገኘ። ይህን ከስቱዲዮው መሥራቾች አንዱ በ2012 በአደባባይ ሲናገር ጌመር ሁሉ አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጌሙ እስከ ዛሬ «የግድ ተጫወተው» ከሚባሉት አንዱ ነው። አንዷ ነጥብ የት እንደቀረች እግዜር ይወቅ።

ተራው ተጫዋች ድምፅ ያገኘው ስቲም ላይ ነው። ስቲም በ2003 የተከፈተ የኮምፒውተር ጌም መደብር ሲሆን በ2013 መጨረሻ ላይ የገዙ ሰዎች አስተያየት እንዲጽፉ ፈቀደ። ከ10 ወይም ከ100 የሚባል ነገር የለም። አውራ ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፣ ትመክራለህ ወይስ አትመክርም? ከመቶው ስንቱ እንደወደደው ተቆጥሮ ጌሙ ስም ይወጣለታል፤ ከ40 እስከ 69 በመቶ ከሆነ «የተደባለቀ» ይባላል፣ ቢያንስ 500 ሰው ጽፎ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ከወደደው ከፍተኛውን ማዕረግ ያገኛል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ከአስተያየቱ ጎን የምትታየው ሰዓት ናት። ሰውየው ስንት ሰዓት ተጫውቶ ነው የሚያወራው? ሁለት ሰዓት ከሆነ ገና በሩ ላይ ነው። ሁለት ሺህ ሰዓት ተጫውቶ «አልመክርም» ያለ ደግሞ አለ። እሱን ሰው ትስቅበታለህ፣ ግን ስማው፤ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ነገር አለ። እኔ መጥፎዎቹን አስተያየቶች ነው አስቀድሜ የማነበው። «ታሪኩ ረጅም ነው፣ ውጊያ የለውም፣ ወሬ ይበዛዋል» ብሎ ተማሮ የጻፈ ሰው ለኔ ሳያውቀው አሪፍ ማስታወቂያ ሠርቷል።

ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ስቲም በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወትከውን ጌም መልሰህ ብርህን እንድትቀበል ይፈቅዳል። ይቺ ሕግ የምክሩን አነጋገር ሳይቀር ቀየረች። «ሁለት ሰዓት ስጠው፣ ካልጣመህ መልሰው» ማለት ተጀመረ። ቀስ ብሎ ለሚጥም ጌም ግን ክፉ ዕዳ ናት፤ አራተኛው ሰዓት ላይ የሚያምረውን ማን ይጠብቀዋል?

አመካከሩ የራሱ ቋንቋ አለው። ጌመር አንድን ጌም በራሱ አይገልጽልህም፣ በሌላ ጌም ነው የሚገልጽልህ። «እሱን ከወደድክ ይሄን ትወደዋለህ» ነው አካሄዱ። የጌም ዓይነቶች ስም ራሱ ከዚህ የመጣ ነው። ሮግላይክ የሚባለው በ1980 አካባቢ ከወጣው ሮግ ከሚባል ጌም ነው፣ ሜትሮይድቫኒያ የሚባለው ሜትሮይድና ካስልቫኒያ የሚባሉ ሁለት ጌሞች ስም ተገጣጥሞ ነው። ለአዲስ ሰው ግን ይሄ ሁሉ ግራ ያጋባል። እኛ ሰፈር መለኪያው አንድ ነበር፣ ጂቲኤ የሚባለው የመኪናና የተኩስ ጌም፤ ምንም ጌም ቢጠራ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንደ ጂቲኤ ነው?» ነው። አይደለም ካልከው ፊቱ ይቀዘቅዛል። ሌላው ያልተጻፈ ሕግ መጨረሻውን አለመናገር ነው። «ታሪኩን እንዳትነግረኝ» ተብሎ እየተለመነ ማን እንደሚሞት የሚያፈነዳ ሰው ሁለተኛ ምክር አይጠየቅም።

የስቲም አውራ ጣት ለቁጣም ይውላል። ጌሙን ትተው ኩባንያውን ለመቅጣት ሰዎች በአንድ ጊዜ መጥፎ አስተያየት ያዘንባሉ። ትልቁ ምሳሌ በሜይ 2024 ሄልዳይቨርስ 2 የሚባል ጌም ላይ የደረሰው ነው። ጌሙን ያሳተመው ሶኒ በኮምፒውተር የሚጫወቱት ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ግዴታ ሊያደርግ መሆኑን አሳወቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200,000 በላይ መጥፎ አስተያየት ተጻፈ፣ ሶኒም ሐሳቡን ተወ። የቁጣው ግማሽ ምክንያት እኛንም ይመለከታል። የፕሌይስቴሽን አገልግሎት በይፋ የማይሰጥባቸው አገሮች ብዙ ናቸው፣ ኢትዮጵያም አንዷ ናት፤ አካውንት ስትከፍት የአገር ዝርዝሩ ውስጥ አታገኛትም። አዲስ አበባ ያለ የፕሌይስቴሽን ልጅ ለዓመታት «አሜሪካዊ» ሆኖ ሲጫወት የኖረው ለዚህ ነው። የቀረው ዓለም በዚያ ሳምንት የተናደደበት ነገር ለኛ የኖርንበት ነው።

ስቲም በ2019 ከጌሙ ጋር ያልተያያዘ ዘመቻ ነው ያለውን ከአጠቃላይ ነጥቡ ማውጣት ጀመረ። ማን ይፈርዳል የሚለው አሁንም ያከራክራል፤ የሄልዳይቨርሱ ቁጣ ለምሳሌ ከጌሙ ጋር አልተያያዘም ልትል ነው?

ምክር ቀን አለው። ኖ ማንስ ስካይ በ2016 ሲወጣ ቃል የተገባው ብዙ ነገር አልነበረበትምና ገዢው ሰደበው፣ የሰደበውም እውነቱን ነበር። የሠሩት ጥቂት ሰዎች ግን ዝም ብለው ዓመት ከዓመት በነጻ ሲጨምሩበት ቆዩ፤ በ2024 የስቲም አጠቃላይ አስተያየቱ «በጣም ጥሩ» ላይ ደረሰ። ሳይበርፐንክ 2077 በዲሴምበር 2020 በብልሽት ተሞልቶ ወጣ፣ ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አነሳው፣ ከወራት በኋላ መለሰው፣ ዛሬ ብዙ ሰው ሳያፍር ይመክረዋል። ስለዚህ «ያ ጌም ቆሻሻ ነው» የሚልህን መቼ እንደተጫወተው ጠይቀው።

ከ2011 ወዲህ፣ ሰዎች ሲጫወቱ በቀጥታ የሚታይበት ትዊች የሚባል ድረ ገጽ ከመጣ በኋላ፣ ሰው ምክር ከመስማት ይልቅ ሌላው ሲጫወት ማየት ለመደ። አሞንግ አስ በ2018 ወጥቶ ሁለት ዓመት ያህል ዞር ብሎ ያየው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በ2020 ዓለም ቤቱ ሲዘጋ ስትሪመሮች (ጨዋታቸውን በቀጥታ የሚያሳዩት) አነሱትና ዓለምን አጥለቀለቀ። ግን እዚህም ጠላ ጠማቂ አለች። አንድ ትልቅ ኩባንያ በ2014 ለታዋቂ ዩቲዩበሮች ከፍሎ ጌሙን እንዲያሞግሱ አድርጎ ነበር፤ ክፍያው ለተመልካች በግልጽ ስላልተነገረ የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ጠይቆት በ2016 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። እየሳቀ የሚጫወተው ሰው የሳቀው በጌሙ ይሁን በክፍያው ማወቅ ይከብዳል።

እኛ አገር ይሄ ሁሉ ነገር የሚካሄደው ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው። ጠባብ ክፍል፣ ሦስት አራት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት ይከፈላል። ተራህን ስትጠብቅ ከተጫዋቹ ጀርባ ቆመህ ታያለህ፣ ትተቻለህ፣ «ስጠው! ስጠው!» ትላለህ። ምክሩ የሚያልፈው በዚያ ነው። የሚበዛው ኳስ ስለሆነ ትልቁ ክርክር ለዓመታት ፊፋ ወይስ ፔስ ነበር፣ ቡና ወይስ ጊዮርጊስ እንደማለት ነው። ፔስ በ2021 ስሙን ቀይሮ በነጻ ሆነ፣ ፊፋም በ2023 ስሙ ተቀየረ። ሰፈር አልሰማም፤ ዛሬም ፊፋ ነው።

ኮምፒውተር ያለው ደግሞ ሃርድ ዲስክ ይዞ ጌም ወደሚጭኑ ሱቆች ይሄዳል ወይም ከጓደኛው ይገለብጣል። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ያለው ጥቂት ነው፣ 100 ጊጋ በሞባይል ዳታ ማውረድም ቀልድ ነው። ለዚህ ነው የኛ የጌም ምክር ፈረንጅ የማያነሳቸው ጥያቄዎች ያሉት። ስንት ጊጋ ነው? የኔ ላፕቶፕ ይችለዋል? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? አሪፍ ነው ወይ የሚለው አራተኛ ነው። ታሪኩ የፈለገውን ያህል ቢያስለቅስም ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ጌም ውይይቱ ላይ አይቀርብም። በስልክ ፐብጂና ፍሪ ፋየር የሚጫወቱት ሌላ ዓለም ናቸው፤ እነሱ ጋ ምክር ማለት የትኛው ስልክ ሳይግል ይችለዋል የሚለው ነው።

ከዚያ አንድ ቀን አሜሪካ ያለ የአክስት ልጅ ደውሎ «ልመጣ ነው፣ ምን ጌም ላምጣልህ?» ይላል። ሰፈሩ በሙሉ ለምክክር ይቀመጣል። አንዱ ኤልደን ሪንግ ይላል፣ አንዱ የጠቅላላውን ዝርዝር በስልኩ ይዞ ይመጣል፣ አዋቂ የሚባለው ደግሞ «ሲዲው ከየትም አገር ቢገዛ ይሠራል፣ የመደብር ብር መሙያ ካርድ ከሆነ ግን አካውንትህ የተከፈተበት አገር መሆን አለበት» ብሎ ያስጠነቅቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይከራከራሉ። በመጨረሻው ቀን፣ ሰውየው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሲደውል፣ የሚነገረው አንድ ቃል ነው።

«ፊፋ።»