በወንዝ ሸለቆና በዙሪያው ኮረብቶች የሚያልፉ የጠጠር መንገድ የብስክሌት መስመሮች

የጠጠር ብስክሌት መሪው እንደ አስፋልት ውድድር ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ግን ከ38 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ነው። በፒስታ፣ በደን ውስጥ መንገድና በእርሻ ዳር መሄጃ ረጅም ርቀት ለመንዳት ይውላል። ስፖርቱ ስም ካገኘባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በኤምፖሪያ ከተማ ዙሪያ ያሉት የፍሊንት ኮረብቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የ320 ኪሎ ሜትር ገደማ ውድድር የሚካሄደው እዚያ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በ2022 በጣሊያን ቬኔቶ ተደረገ።

የወንዝ ሸለቆ ለዚህ ዓይነት ጉዞ ተመራጭ የሆነው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ አራት የተለያዩ መሬቶችን ስለሚያገናኝ ነው፤ እነሱም የሸለቆው ወለል፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚገኘው እርከን፣ የኮረብታው ጎንና ተረተሩ ናቸው። አራቱም ለዝናብ የሚሰጡት ምላሽ አንድ አይደለም። መስመር ሲቀየስም ከርቀቱ ይልቅ ውኃው የት እንደሚተኛና የት እንደሚሸሽ ማወቅ ይቀድማል።

ወለሉ ከ1 በመቶ በታች ዘንበል ያለ ስለሆነ በደረቅ ወቅት በሰዓት ከ20 እስከ 24 ኪሎ ሜትር ያስነዳል። አፈሩ ግን ወንዙ በጎርፍ ጊዜ የተወው ደለል ነው፤ ሲረጥብ ዋልካ ይሆናል። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ውኃው በውጭኛው ዳር ይፈጥናል፣ በውስጠኛው ይዘገያል። ስለዚህ በውስጠኛው ዳር አሸዋና ድቡልቡል ጠጠር ይከማችና የፊት ጎማ ይሰምጣል፤ በውጭኛው ዳር ደግሞ ውኃው ከሥር እየቦረቦረ መንገዱን ይንደዋል። በካርታ ላይ ወንዙን ተጠግቶ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በውጭኛው ዳር ላይ ከወደቀ፣ ዛሬም መኖሩን በአየር ፎቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በወለሉ ላይ ከሁሉም የሚታመነው አሮጌ የባቡር ሐዲድ የተነሳበት መንገድ ነው፤ ዳገቱ ከ3 በመቶ እምብዛም አያልፍም፣ መደቡም ከጠጠር የተሠራ ስለሆነ ውኃ አይዝም።

እርከኑ ወንዙ ወደ ታች ከመቆፈሩ በፊት የነበረው የጥንት ወለል ነው። ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ጠጠር ስላለ ከዝናብ በኋላ ቶሎ ይደርቃል፤ ዝናብ በጣለ ማግስት ወለሉን ትቶ እርከኑን መያዝ ብዙ ድካም ያስቀራል። ተረተሩም እንዲሁ ደረቅ ነው፣ ግን ድንጋያማና ነፋሻ ነው፤ ምንጭም አይገኝበትም። በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ውኃ አስልቶ ከታች ይዞ መውጣት ግድ ነው። በእርሻ መካከል የሚያልፍ ወንዝ ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይታከም አይጠጣም።

ወደ ኮረብታው የሚያወጡት መንገዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። የገባር ወንዝን ተከትሎ የሚወጣው ረጅም ነው፤ አብዛኛውን ርቀት ከ3 እስከ 6 በመቶ ይሄድና ጫፉ ላይ ቀጥ ያለ ዳገት ይሆናል። በቀጥታ ጎኑን የሚወጣው ደግሞ 12 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ልል ጠጠር ባለበት እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ከኮርቻ ተነስቶ መምታት ክብደቱን ከኋላ ጎማ ስለሚያነሳ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ተቀምጦ ወደ ኮርቻው አፍንጫ መጠጋት፣ ክርንን አጥፎ ደረትን ዝቅ ማድረግና ፔዳሉን በእኩል ኃይል ማዞር ይሻላል። ለዚህም ቀላል ማርሽ ያስፈልጋል። ከፊት 40፣ ከኋላ 44 ጥርስ ይዞ በደቂቃ 60 ዙር የሚመታ ሰው በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከፊት 30፣ ከኋላ 46 ከሆነ 5 ይሆናል። ዕቃ ለጫነ ሰው ሁለተኛው ይመረጣል።

መስመሩ ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም ሲሆን፣ የዙሩ አቅጣጫ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ10 በመቶ በላይ የሆነው ልል ጠጠር መውጫ እንጂ መውረጃ መሆን የለበትም፤ ሽቅብ ካቃተ ወርዶ መግፋት ይቻላል፣ ቁልቁል ግን ፍሬን የተያዘው ጎማ ይንሸራተታል እንጂ አይቆምም። ሌላው ወሳኝ ነገር የሸለቆ ነፋስ ነው። በጠራ ቀን ፀሐይ ጎኖቹን ስታሞቅ ነፋሱ ከሸለቆው አፍ ወደ ላይ ይነፍሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ሌሊት ይገለበጣል። ስለዚህ ጠዋት የወንዙን ፍሰት ተከትሎ ወርዶ ከሰዓት ሽቅብ መመለስ በሁለቱም ጊዜ ነፋስን ከጀርባ ያደርጋል።

ዙሩ የሚታጠፈው ድልድይ ባለበት ብቻ ነው። አንድ የእግረኛ ድልድይ ቢዘጋ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ሊረዝም ስለሚችል፣ ቀጣዩ መሻገሪያ የት እንዳለ አስቀድሞ መያዝ ይገባል። በኦፕንስትሪትማፕ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚገኘው ነጻ ካርታ፣ የእርሻና የደን መንገዶች ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ 1 ጠንካራ ነው፣ 5 ለስላሳ አፈር ነው። 4 እና 5 በወለሉ ላይ ካሉ ለደረቅ ወቅት ብቻ ይያዙ። የከፍታ መረጃው ብዙ ጊዜ በ30 ሜትር ርቀት የተወሰደ ስለሆነ፣ 40 ሜትር የሚረዝም 18 በመቶ ዳገት በግራፉ ላይ ተለስልሶ ሊጠፋ ይችላል። በኮረብታው ላይ በሰዓት ከ10 እስከ 14 ኪሎ ሜትር ማስላት ከጨለማ ያድናል።

ጎማው ቲዩብለስ፣ ማለትም ያለ ከመነዳሪ በማሸጊያ ፈሳሽ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ2 እስከ 2.5 ባር መነሻ ነው፤ የፊተኛው በ0.1 ወይም 0.2 ይቀንሳል። ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው ከተንኳኳ ትንሽ ይጨመራል። ማሸጊያው ፈሳሽ ለአንድ ጎማ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ግን በጥቂት ወራት ይደርቃል። ትናንሽ ቀዳዳዎችን ራሱ ይደፍናል፤ ተለቅ ላለው የጎማ መሰኪያ ይገባል። የጎማው ጎን በስለታም ድንጋይ ከተቀደደ ግን መፍትሔው ከውስጥ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ደግፎ ከመነዳሪ ማስገባት ነው፤ የፍሊንት ኮረብቶች ድንጋይ ጎማ በመቅደድ ይታወቃል።

ከሁሉም በላይ ጉዞ የሚያበላሸው ዋልካ ነው። በጎማውና በፍሬሙ መካከል ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ጭቃው ግን ይህንንም ይሞላል። ጎማው መዞር ሲያቅተው ፔዳሉን በኃይል መምታት የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ገንጥሎ ወደ ጎማው ሽቦዎች ያስገባዋል። በ2023 በኤምፖሪያው ውድድር ገና በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች የብዙዎች ብስክሌት የተሰበረው በዚህ ነው። ጎማው እንደከበደ መውረድ፣ ሣር በበዛበት ዳር ማለፍ ወይም ብስክሌቱን ትከሻ ላይ ማድረግ፣ ከዚያ ጭቃውን በጠፍጣፋ እንጨት ፍቆ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የቀለም ማማሰያ እንጨት ለዚህ በጣም ይመቻል። ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልባት ትንሽ ብረት ለየብስክሌቱ ስለምትለይ ትርፍ መያዝ አይዘንጋ።

ገባር ሲሻገሩ ውኃው ሰፍቶ፣ ሞገድ እየሠራ በጠጠር ላይ የሚፈስበት ቦታ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ ጸጥ ያለው ግን ጥልቅ ነው። ፈጣን ውኃ ጉልበት ከደረሰ አይሻገሩም። በእግር ሲሻገሩ ብስክሌቱ ውኃው በሚሄድበት ወገን ይያዛል፣ አለዚያ ፍሰቱ ገፍቶ እግር ላይ ይጥለዋል። የፔዳሉ መዘውር መሃል ከመሬት 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ ከዚያ በላይ በሆነ ውኃ መንዳት ኩሽኔታውን ያበላሻል። ከተሻገሩ በኋላ ቁልቁለት ከመያዝ በፊት ፍሬኑን ቀለል አድርጎ ደጋግሞ በመያዝ ዲስኩን ማድረቅ ይገባል። እርጥብ አሸዋ የፍሬን ሸራን በአንድ ቀን ሊጨርስ ይችላል፤ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ ለቀጣዩ ጉዞ አያደርስም።