የውሻ ዓይን ዕጢ ምንድን ነው? ይታከም ወይስ ይተው?

ወሎ ውስጥ ውሻ ብዙውን ጊዜ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ቤት አይገባም። ፊቱን ቀርቦ የሚያየው ስለሌለ፣ ዓይኑ ላይ ዕጢ ሲወጣ የሚታወቀው ካደገ በኋላ ነው። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ «ካንሰር ነው፣ አለቀለት» ይላል። ኧረ ቆይ!

ዕጢ ከልክ በላይ የተባዙ ሕዋሳት ክምችት ነው። ካንሰር የሚባለው ዙሪያውን የሚወር ወይም ወደ ሌላ አካል የሚዛመት ከሆነ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የት እንደወጣ እዩ።

ያረጁ ውሾች ላይ የሚበዛው የዓይኑ ቆብ ጠርዝ ላይ የሚወጣው ነው። ኪንታሮት ይመስላል። ከ4ቱ 3ቱ ገደማ ክፉ አይደሉም። የሚገርመው፣ ቶሎ መቆረጥ ያለበት ይሄው ደህና የተባለው ነው። ውሻው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር እየፈገፈገ ያቆስለዋል። የቆቡን ርዝመት ሲሶ ሳያልፍ ከተደረሰበት ሐኪሙ ቆርጦ ዳርና ዳሩን ይሰፋዋል። ካለፈ ግን ቆዳ ከሌላ ቦታ ስቦ መጠገን ይመጣል፤ ወጪውም ጣጣውም ሌላ ነው።

ዓይን ውስጥ የሚወጣው ጥቁሩ፣ ሜላኖማ የሚባለው፣ ውሻ ላይ የሚዛመተው ከ100 5 ገደማ ብቻ ነው። ሐኪም ካየው በኋላ ጠፍጣፋ ነጥብ ከሆነ በየጊዜው በስልክ ፎቶ እያነሱ መከታተል ይቻላል። እያበጠ ከመጣ ግን በዓይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫ ያጣና ግፊቱ ይጨምራል፤ ግላኮማ ይሆናል። ዓይኑ ይቀላል፣ ይደፈርሳል፣ ይተልቃል። ሕመሙ ከባድ ነው፤ ውሻ ግን ስላመመው አይጮኽም። ምግብ ይቀንሳል፣ ጥግ ይይዛል፣ ጭንቅላቱን ሊነኩት ሲሉ ይሸሻል። እዚህ ከደረሰ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ዓይኑን ማውጣት ነው።

ሰው ይሄን ሲሰማ ይዘገንነዋል። ለእኔ ግን የሚዘገንነው በዚያ ሕመም መተው ነው። ቆቡ ተሰፍቶ ይዘጋል፣ ክሩ በሁለት ሳምንት ገደማ ይወጣል፣ ፀጉሩ ይሸፍነዋል። በር የሚጠብቀው በአፍንጫውና በጆሮው ነው። በጣም ያረጀና ሌላ በሽታ ያለበት ከሆነ፣ ዕጢውም ካላመመው፣ መተው ስንፍና አይደለም።

ደሴ ላይ ዓይን ሲባል የሚነሳው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ እሱ ግን የሰው ነው። ለውሻው የወረዳውን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። እስከዚያው ቴትራሳይክሊን ቅባት ዕጢ አያሟሟም። የሰው ማስታገሻ፣ በተለይ አይቡፕሮፌን፣ ውሻን ሊመርዝ ይችላል። ለከብት እንደሚደረገው ትምባሆ አኝኮ ዓይኑ ላይ መትፋትማ አይታሰብ።