ኤችኤልኤ-ቢ27 ምንድን ነው? «የመጉበጥ ዘር» አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «አባቷ የጎበጠ ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ደሟን አስመርምሩ፤ ኤችኤልኤ-ቢ27 ከተገኘባት መጉበጧ አይቀርም» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ ሌላው «ኢሚዩኒቲ ሲደክም ነው የሚመጣው፤ ነጭ ሽንኩርትና ማር በቂ ነው» አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ግን የሰው ትዳር ያፈርሳል፤ እዚህ ወሎ ዘር ተጠይቆ፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው ልጅ የሚዳረው፤ እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም።

ደሴ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማየው ጀርባ ነው።

ቢ27 በሽታ አይደለም፤ ስሙ የሚነሳው አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ ከሚባል አከርካሪን ሊያጎብጥ ከሚችል በሽታ ጋር ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡት። ነጋዴው ቤቱ ያለውን ሁሉ አታዩም፤ የምታዩት መደቡ ላይ ያወጣውን ነው። ሴሎቻችንም ውስጣቸው ያለውን ፕሮቲን ቆራርጠው ጥቂቱን ውጭ መደብ ላይ ያስቀምጣሉ። ነጭ የደም ሴሎች እንደ ገበያ ጠባቂ እየዞሩ ያያሉ። የቤት ዕቃ ከሆነ ያልፋሉ፤ የቫይረስ ቁራጭ ካዩ ሴሉን ይገድሉታል። ኤችኤልኤ ማለት መደቡ ነው። ሁላችንም አለን፤ ቅርጹ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ቢ27 አንዱ ቅርጽ ነው። ዕቃውን በመደቡ ልክ የሚቆርጥ ኢራፕ1 የሚባል ሠራተኛም አለ፤ የእሱ ዘረመል ልዩነትም ከበሽታው ጋር ተቆራኝቶ ተገኝቷል፣ ያውም በዋናነት ቢ27 ባላቸው ሰዎች ላይ። ጥፋቱ መደቡ ላይ የሚወጣው ዕቃ ነው ወይስ መደቡ ራሱ ሲገጣጠም እየተጣመመ ሴሉን ያስጨንቀዋል የሚለው ገና አላለቀም፤ ተመራማሪዎች እየተሟገቱበት ነው።

በፈረንጆቹ 1973 ለንደንና ሎስ አንጀለስ ያሉ ሐኪሞች አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ የሚባለው በሽታ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቢ27 እንዳላቸው አገኙ። ይህ በሽታ ዳሌና አከርካሪ የሚገናኙበትን መጋጠሚያ በብግነት፣ ማለትም በመቆጣትና በማበጥ፣ ይጀምርና፣ ዓመታት ሲያልፉ አከርካሪውን እያያያዘ ወደ ፊት ሊያጎብጥ ይችላል። ከአውሮፓ ታማሚዎች 90 በመቶ ያህሉ ቢ27 አላቸው። ሰዎች እዚህች ላይ ያቆማሉ፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ነው።

ቁጥሩን ገልብጡት። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ከ1,000 ሰው 80 ያህሉ ቢ27 አለው። ከእነዚያ 80 ሰዎች የሚታመሙት ቢበዛ 4 ወይም 5 ናቸው። የቀሩት ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። የታመመ ወላጅ ወይም ወንድም ላለው ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም አብዛኞቹ አይታመሙም። ሳርዲኒያ ደሴት ላይ ደግሞ ከተለመደው ቢ27 በአንድ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም በአንዲት የፕሮቲን መገንቢያ ቁራጭ ብቻ የሚለይ ዓይነት አለ፤ እሱ ከበሽታው ጋር አልተቆራኘም። ታዲያ «ፖዘቲቭ» የምትል አንዲት ቃል ይዞ የሰው ልጅ ላይ መፍረድ ምን ይሉታል?

ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከሰሐራ በታች ባሉ ብዙ ሕዝቦች ቢ27 ብርቅ ነው፤ ከታመሙትም ብዙዎቹ ላይ አይገኝም። ስለዚህ «ኔጌቲቭ» ማለት ነጻ ማለት አይደለም።

ከሐይቅ አካባቢ የመጣ የ24 ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ትዝ ይለኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጀርባው ይቀሰቅሰዋል። ተነስቶ ግቢውን ሲዞር ይለቀዋል። «ዲስክ ነው፣ ተኛ» ብለውት 2 ወር ተኝቶ ባሰበት፤ ወጌሻም ሞክሯል። ደሙ ተመርምሮ ኔጌቲቭ ሲሆን «ምንም የለብህም» ተባለ። የመጋጠሚያው ምስል ግን ብግነቱን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። እናቱ አጠገቡ ቆመው «ከእኔ ደም ነው እንዴ የወረሰው?» አሉኝ። «አብሽሩ እናቴ፣ የርስዎ ጥፋት አይደለም» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ልመለስ። እዚህ ጠባቂው ሰንፎ አይደለም የተጎዳነው፤ ሌባ ሳይኖር ዱላ ስላነሳ ነው። መድኃኒቶቹም የሚሠሩት እሱን በማረጋጋት ነው እንጂ በማበርታት አይደለም። ከእነሱ መካከል ቲኤንኤፍ የሚባለውን ብግነት የሚያባብስ ፕሮቲን የሚያግዱት የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ከመጀመራቸው በፊት የቲቢ ምርመራ ይደረጋል። ቲቢ ካነሳሁ አይቀር፣ ቲቢ ራሱ አከርካሪን ይበላል፤ ጀርባ ላይ ሹል ጉብታ ያወጣል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ አብረው ከመጡ ስለ ዘር አታውሩ፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ። የታዳጊዎች ወደ ጎን መጣመም፣ ስኮሊዮሲስ የሚባለው፣ እንዲሁ ሌላ ነው። ብግነት ከእሱ ጋር እንደሚያያዝ ያሳየ ጥናት አለ፤ የተሠራው ግን ዚብራፊሽ በሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ላይ ነው።

ከ3 ወር በላይ የቆየ፣ ከ45 ዓመት በፊት የጀመረ፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚያደርቅ፣ ስትተኙ ብሶ ስትንቀሳቀሱ የሚሻለው የወገብ ሕመም ካላችሁ ይህንን ለሐኪሙ በዚሁ መልክ ንገሩት። ቤታችሁ ደግሞ ተረከዛችሁንና ጀርባችሁን ግድግዳ አስነክታችሁ፣ ፊት ለፊት እያያችሁ ቁሙ። የጭንቅላታችሁ የኋላው ግድግዳውን መንካት አለበት። የሐይቁ ልጅ መጀመሪያ ሲመጣ 4 ጣት ይርቅ ነበር። መድኃኒቱንና እንቅስቃሴውን ሳያቋርጥ ከርሞ፣ ባለፈው ሳምንት ስለካው 2 ጣት ሆኗል።