«ማንም አልተቃወመም» የሚሉን አለቆች

ሐዋሳ ውስጥ ሠራተኛ ሲበዛባቸውና ነገር ሲወሳሰብባቸው ድርጅቶች እኔን መሰል የሰው ኃይል አማካሪ ይጠራሉ። የምጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ ነው። የተወሰነው ሰው ለቋል፣ የቀረው አኩርፏል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ገና ቁጭ ሳልል «አዲሱን ፖሊሲ እኮ ማንም አልተቃወመም!» ይለኛል። ይህችን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። እመለስባታለሁ፤ መጀመሪያ በሥራ ቦታ ከምሰማቸው ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎች ቀላል ቀላሎቹን ልጨርስ።

«ሠራተኛ የሚያኮርፈው በደመወዝ ብቻ ነው።» የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ አልጠፋኝም። ግን ደመወዝ በተጨመረላቸው ማግስት የለቀቁ ሰዎችን አውቃለሁ።

«የሙከራ ጊዜ 3 ወር ነው።» አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።

«ውል አልፈረምኩም፣ መብት የለኝም።» የጽሑፍ ውል ባይኖርም የሠራተኛው መብት አይቀርም።

«የሠራተኛ ማኅበር የፋብሪካ ነገር ነው።» እዚህ ከተማ ማኅበር ሲባል ሁሉም ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ያያል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን 10 ሠራተኛ ነው። ሆቴልም ይሁን መጋዘን ለውጥ የለውም።

«ማንም አልተቃወመም፣ ስለዚህ ተስማምተዋል።» አሁን ወደ ዋናው መጣን።

አንድ አከፋፋይ ድርጅት አለ። ሲጀመር ባለቤቱ፣ ወንድሙና ጥቂት ልጆች ነበሩ፤ አሁን ከመቶ በላይ ሆነዋል። ቅዳሜ የሚሠሩት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነበር። አንድ ቀን ማታ 4 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ግሩፑ መልእክት መጣ፦ «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነው። ያነበበ ላይክ ያድርግ።» ባለቤቱ ስልኩን አውጥቶ የአውራ ጣቱን ብዛት አሳየኝ። «ይኸው፣ ሁሉም ተስማምቷል!»

ላይክ አድርጉ ተባሉ፣ አደረጉ። ምን እንዲያደርጉ ነው የተጠበቀው? አለቃ፣ ያውም በዕድሜ ታላቅ የሆነ አለቃ ፊት «አይሆንም» ማለት ለማናችን ይቀለናል? «ጥሩ ነው ጋሼ» ብለን እንወጣለን። እውነተኛው ስብሰባ የሚካሄደው ከበሩ ውጭ፣ ጀበና ቡናዋ ጋ ነው። እኔም በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቅዳሜ ከሰዓት ዲግሪዋን ትማራለች፤ የሴሚስተሩን ከፍላ ጨርሳለች። የንብረት ክፍል ሠራተኛው ደግሞ የዕድር ጸሐፊ ነው፣ ስብሰባቸው ቅዳሜ ነው። የገረመኝ፣ ከሰዓቱ ይልቅ ያናደዳቸው አነጋገሩ ነው። «ይህን ቤት ካርቶን ተሸክሜ ነው ያቆምኩት። ለእኔ በቴሌግራም?» አለኝ የንብረት ክፍል ሠራተኛው።

ባለቤቱ መልስ አላጣም፦ «ሕጉ በሳምንት 48 ሰዓት ይፈቅዳል።» ይፈቅዳል። 48 ግን ጣሪያው ነው፤ የእነሱ ውል የሚለው 44 ነው። አዋጁ ራሱ ያልወሰነው የውል ሁኔታ የሚሻሻለው በሦስት መንገድ ነው፦ በኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ፣ ወይም ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ሲስማሙ። «የማታው መልእክት ከሦስቱ የትኛው ነው?» አልኩት። ዝም አለ። እኔ ግን ዝምታውን እንደ ስምምነት አልቆጠርኩበትም።

አለቆች ሆይ፣ «ጥያቄ አለ?» አትበሉ፤ የለም ነው የምትባሉት። «ይህ ለውጥ ማንን ይቸግራል?» በሉ። ከመወሰናችሁ በፊት የፈረቃ ኃላፊዎቹን ለየብቻ አናግሩ። ምክንያቱን ተናገሩ፤ ትእዛዝ በዝቶ ከሆነ በዝቷል በሉ። የሚጀመርበትን ቀን አርቁት፣ የማይችል ሰው ምን እንደሚደረግለትም አብራችሁ ጻፉ። የቆየውን ሠራተኛ ደግሞ ቢሮ ጠርታችሁ በአፋችሁ ንገሩት። ያ አከፋፋይ በመጨረሻ ቅዳሜን በፈረቃ አደረገው፤ ሒሳብ ሠራተኛዋም ትምህርቷን አላቋረጠችም። የንብረት ክፍል ሠራተኛው ግን ቀድሞ ሌላ ድርጅት ገብቶ ነበር።

«ቅሬታ ያቀረበ ይባረራል።» ይህ ደግሞ የሠራተኞቹ ነው። አሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ጽፎታል። ቡና ላይ የምትሉትን ወረቀት ላይ አስፍሩት። ሁለት ኮፒ አድርጉ፤ የተቀበላችሁ ሰው በአንዱ ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምላችሁ፣ እሱን ቤት አስቀምጡት።