የመኪና ውድድር ጌም ምንድን ነው?

በመኪና ውድድር ጌም ውስጥ መኪናው አይሄድም፤ የሚሄደው መንገዱ ነው። ተጫዋቹ ከወንበሩ ሳይነሣ አስፋልቱና የመንገዱ ዳር ዛፎች ወደ እርሱ ይሮጣሉ፣ ዐይኑም ነገሩን ገልብጦ «እየበረርክ ነው» ብሎ ያሳምነዋል። የጌሙ ምንነት በአጭሩ ይኸው ማታለያ ነው።

መጀመሪያ ላይ ግን እንዲህ አልነበረም። የአሜሪካው ኩባንያ አታሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው «ግራን ትራክ 10» የውድድሩ ሜዳ ልክ እንደ ካርታ ከላይ የሚታይና ባለበት የቆመ ነበር፤ የምትዞረው ትንሿ ነጭ መኪና ናት። ሳንቲም የሚጎርሰው ያ ማሽን መሪ፣ ፔዳልና ማርሽ ነበረው። ሥዕሉ ገና ጥቁርና ነጭ ሳለ መሪው እውነተኛ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ሠሪዎቹ ከዐይን በፊት እጅን ማሳመን እንደሚገባ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ የታይቶ ኩባንያው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ፣ ኋላ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን ዝነኛ ጌም የፈጠረው ሰው፣ «ስፒድ ሬስ»ን ሠራ። በእርሱ ጌም መንገዱ ከላይ ወደ ታች መፍሰስ ጀመረ።

ማታለያው ምን ያህል በጥቂት ነገር እንደሚሠራ ያሳየው የ1976ቱ «ናይት ድራይቨር» ነው። ጊዜው ሌሊት ስለሆነ ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ የሚታዩት ግራና ቀኝ እየቀረቡና እየተለቁ የሚያልፉ ነጫጭ ምሰሶዎች ብቻ ናቸው። መኪናው እንኳ በኮምፒውተር የተሣለ አልነበረም፤ ስክሪኑ ላይ የተቀመጠ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። ሰው ግን መሪውን ጨብጦ ያልበው ነበር።

የናምኮ ኩባንያ «ፖል ፖዚሽን» በ1982 ዐይናችንን ከመኪናው ኋላ ከፍ አድርጎ አስቀመጠው። ብዙ ጌሞች ዛሬም ከዚያው ሆነው ያሳዩናል። በ1986 ዩ ሱዙኪ ለሴጋ ኩባንያ የነደፈው «አውት ረን» ደግሞ መንገዱን እንደ ሹካ ከፋፈለው፤ ተጫዋቹ የሬዲዮ ሙዚቃ መርጦ፣ ከሰዓት በቀር ከማንም ሳይሽቀዳደም ይነዳል። እነዚህ መንገዶች ስፋት ያላቸው ቢመስሉም እርስ በርስ የተደራረቡ አግድም መስመሮች ነበሩ፦ ወደ ላይ ሲወጡ እያጠሩ የሚሄዱ፣ ኩርባ ሲመጣ ወደ ጎን የሚገፉ። በሦስት አቅጣጫ የሚሰላ ዓለም ወደ ጨዋታ ቤቶች በስፋት የገባው በ1989 «ሃርድ ድራይቪን»፣ በ1992 ደግሞ «ቨርቹዋ ሬሲንግ» ሲመጡ ነው።

ሥዕሉን እዚህ ላይ እንተወው፤ ዋናው ጉዳይ ጎማው ነውና። የመኪና ጌሞች አርኬድ (ለቀላል ደስታ የተሠሩ) እና ሲሙሌሽን (የእውነተኛ መኪናን ጠባይ የሚከተሉ) ተብለው የሚለዩት በሥዕላቸው ውበት ሳይሆን ለጎማ በሚሰጡት ክብር ነው። ጎማ አስፋልትን የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው፤ ፍሬን መያዝም፣ መታጠፍም፣ ነዳጅ መስጠትም የሚመነዘሩት ከዚያው ከአንዱ ቋት ነው። ፍሬን ላይ ሁሉን የጨረሰ ነጂ ለመታጠፍ የሚቀረው የለም፤ መሪውን ቢያዞርም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀልላሉ፣ በዚያች ቅጽበት መሪውን በኃይል የሚያዞር ነጂም መኪናው እንደ እንዝርት ይሽከረከርበታል። አርኬድ ይህን ሁሉ ይቅር ይላል፤ በ1992 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ካርት» ላይ መንሸራተት እንዲያውም ደስታ ነው። ሲሙሌሽን ግን ይቅርታ አያውቅም።

ሲሙሌሽን ትልቅ ኮምፒውተር እስኪመጣ አልጠበቀም። ጄፍ ክራሞንድ በ1984 የፎርሙላ 3 የውድድር መኪናን ጠባይና በእንግሊዝ ያለውን የሲልቨርስቶንን የውድድር ሜዳ «ሬቭስ» በተባለው ጌሙ ያስገባው 32 ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታ ባለው ቢቢሲ ማይክሮ በተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፓፒረስ የተባለው ኩባንያ በ1989 የአሜሪካውን የኢንዲያናፖሊስ የመኪና ውድድር ይዞ ተከተለ። ይህን ጭንቅ ከብዙኃኑ ቤት ያስገባው ግን በ1997 ለፕሌይስቴሽን የወጣው የካዙኖሪ ያማውቺ «ግራን ቱሪስሞ» ነው፤ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ምስጢሩ በከፊል ስስት ይመስለኛል፦ ተጫዋቹ በርካሽ አሮጌ መኪና ጀምሮ፣ መንጃ ፈቃድ ተፈትኖ፣ በሽልማት ገንዘብ ጋራዡን ይሞላል።

ሶኒና ኒሳን በ2008 የጀመሩት ውድድር ከ«ግራን ቱሪስሞ» ተጫዋቾች መካከል እውነተኛ እሽቅድምድም የሚችሉትን ፈለገ። የመጀመሪያው አሸናፊ ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኜዝ በ2011 በፈረንሳዩ የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ከቡድኑ ጋር በምድባቸው ሁለተኛ ወጡ። መስመር መምረጥን፣ የፍሬን ጊዜን፣ ትዕግሥትን ስክሪን ያስተምራል። ዛሬ የሚሸጡ መሪዎችም በሞተር እየታገዙ የጎማውን ትግል ወደ መዳፍ ያደርሳሉ። ክብደትን ግን አያደርሱም። የፎርሙላ 1 ነጂ በፈጣን ኩርባ ላይ ጭንቅላቱ ከወትሮው እስከ አምስት እጥፍ ከብዶ ወደ ጎን ይጎተታል፤ አንገቱን በልዩ ስፖርት የሚያጠነክረውም ለዚያ ነው። የሲሙሌሽን ተጫዋች ግን ያንኑ ኩርባ ሻይ ከአጠገቡ አስቀምጦ ያልፈዋል።