ቤተሰብና ባህል፦ መንግሥት በኢትዮጵያ በምን ይጠየቃል?

ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም ብለን አድገናል። ባህል ሲባልም ብዙዎቻችን የምናስበው የበዓል ቀን ነው። በዚህ የተነሣ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ መብራት መንግሥትን የሚሞግት ሰው አይጠፋም፤ የቤተሰብና የባህል ፖሊሲ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መንግሥት ግን በሁለቱም ላይ በጽሑፍ ቃል ገብቷል። ቃሉ የአዋጅ ቁጥር አለው። አንዳንዴም ቀነ ገደብ አለው።

መነሻው ሕገ መንግሥቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሰነድ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ተጠያቂ ነው። አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል። በአንቀጽ 35 መሠረት ሴቶች ከጎጂ ልማድ የመላቀቅ መብታቸውን የማስከበር ግዴታ የመንግሥት ነው። አንቀጽ 41 ደግሞ የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት ሰጥቶታል።

ሕገ መንግሥቱ ይህን ሁሉ ቢልም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለተጨማሪ አምስት ዓመት በቦታው ነበር። በዚያ ሕግ የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ባል ነው። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችላለች። ይህ እንዲለወጥ በጽናት ከጎተጎቱት አንዱ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ለውጥ ሲጠይቅ በእጁ የነበረው የእውነተኛ ሴቶች ፋይል ነው፤ ቀለብ የተከለከለች፣ ከቤቷ የተባረረች፣ የጋራ ንብረቷ ያለ እሷ ፊርማ የተሸጠባት። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ባልና ሚስትም በቤታቸው እኩል ሥልጣን አገኙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ አዋጅ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎች ስለሆነ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። አንዳንዶቹ ግን ለረጅም ዓመታት ዘግይተዋል። ስለዚህ ጥያቄ ይዞ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ። አፋር ላይ ስላለች ልጅ ጋብቻ የፌዴራሉን ሚኒስትር ብቻ ማፋጠጥ ግማሽ መልስ ነው የሚያስገኘው።

ሕጉ ወረቀት ላይ 18 ብሎ ከጻፈ በኋላ ትልቁ ጣጣ ዕድሜን ማስረዳት ነው። እስቲ አንዲት ልጅ ልትዳር ነው ተብሎ ጥቆማ ደረሰ እንበል። አባት 18 ሞልቷታል ይላል። ጎረቤት ገና 14 ነች ይላል። መምህሯ የትምህርት ቤት መዝገብ ያወጣል፤ እዚያ ላይ የተጻፈው ደግሞ አባትየው ያኔ በግምት የተናገረው ነው። የክርስትና ወይም የክትባት ካርድ ከተገኘ መልካም። ካልተገኘ ልጅቷ ለዕድሜ ምርመራ ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ሐኪም የሚሰጠው ግምት ነው። ግምት ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ ካለ ክሱ ይላላል። አንዲት የልደት የምስክር ወረቀት ብትኖር ይህ ሁሉ ክርክር በአንድ ደቂቃ ባለቀ ነበር።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ፣ ቁጥር 760፣ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ የተወለዱት ልጆች ዛሬም 18 አልሞላቸውም። ለእኔ የቤተሰብ ፖሊሲ ከምንም በላይ የሚለካው እዚህች የቀበሌ መስኮት ላይ ነው። ወረቀት አለ ወይ? ሠራተኛው ቦታው ላይ ነው ወይ? ገጠር ያለች እናት ልጅ አዝላ ስንት ሰዓት ተጉዛ ነው የምታስመዘግበው?

ቀነ ገደብ ያለውን ቃል ደግሞ እንይ። በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተደረገ የሴት ልጆች ጉባኤ የኢትዮጵያ መንግሥት የልጅነት ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን እ.ኤ.አ. እስከ 2025 አስወግዳለሁ ብሎ ቃል ገባ። ሁለቱም በ1996 ወጥቶ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው እንደተገረዙ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ቁጥሩ 74 በመቶ ነበር። ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች ደግሞ 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው ተድረዋል። ቁጥሩ እየወረደ መሆኑ ያስደስታል። ከ65 ተነሥቶ በዘጠኝ ዓመት ዜሮ እንደማይደርስ ግን ያኔም ይታይ ነበር። ያንን ቃል የገባ መንግሥት ለምን እንዳልደረሰ ቁጭ ብሎ ማስረዳት አለበት።

በፍርድ ቤት በኩል የሚሄደው መንገድ ረጅም ቢሆንም የሚያደርስበት ጊዜ አለ። አንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። አንዲት ወይዘሮ በውርስ ቤት ክርክር ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲዳኛቸው አልፈቀዱም፤ ክርክሩ ግን ቀጠለ። ጉዳዩ እየተገፋ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ያለው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ መዳኘት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነላቸው። ፈቃድ የምትለው አንዲት ቃል ክብደት አገኘች።

ሌላው ጉዳይ ከአገር ወጥቷል። በ1993 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት የሚድንበትን በር ይከፍት ነበር። ልጅቷ ግን አላገባም አለች። ጠላፊውና ግብረ አበሮቹ ተፈርዶባቸው ነበር፤ በይግባኝ ተለቀቁ። አቤቱታው እ.ኤ.አ. በ2007 ለአፍሪካ የሰብአዊና ሕዝቦች መብት ኮሚሽን ቀረበ። ከስምንት ዓመት በኋላ ኮሚሽኑ መንግሥት ልጅቷን የመጠበቅ ግዴታውን አልተወጣም ብሎ 150,000 ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ። ያ የጠለፋ በር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተዘግቷል። ይህች ልጅ በዚያ ዕድሜዋ እምቢ ማለቷን ሳስብ ሁሌም አከብራታለሁ።

ጠያቂ ድርጅቶች ራሳቸው የሚዳከሙበት ጊዜም ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። አገር ውስጥ ገንዘብ ማሰባሰብ ቀላል አልነበረምና ብዙዎቹ ሠራተኛ ቀነሱ፣ ቢሮ ዘጉ። ለአሥር ዓመት ያህል ፋይል ይዞ የሚሞግት ሰው ሳሳ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን አነሣው። የተበተነን ባለሙያ መልሶ መሰብሰብ ግን አዋጅ እንደማንሣት አይቀልም።

ወደ ባህል ስንመጣ ዋናው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209/1992 ነው። መስቀል፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ ገዳ፣ ጥምቀትና የሐረሪዎች ሹዋሊድ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል። ሲመዘገቡ እልል እንላለን፤ ይገባልም። መንግሥት ግን ስለ አያያዛቸው በየስድስት ዓመቱ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ አለበት። ያ ሪፖርት ሲጻፍ ከዋክብት አይተው የፊቼን ቀን የሚናገሩት የሲዳማ አያንቱዎችና የገዳ አባቶች ተጠይቀዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ከምዝገባው ዜና እኩል ሊነሣ ይገባው ነበር።

ላሊበላ ላይ የሆነውም የሚታወስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብና ከፀሐይ እንዲከልሉ ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ ነበሩ። ዓመታት አለፉ፤ መጠለያዎቹ እዚያው ቆሙ። ብረቱ ወድቆ ቤተ ክርስቲያኑን ይጎዳል የሚል ስጋት እያደገ ሄደ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ፣ ካህናቱም ጭምር፣ ሰልፍ ወጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ላሊበላ ድረስ መጥተው ለጥገናው ድጋፍ ቃል ገቡ። ጉዳዩን እዚያ ያደረሰው የነዋሪው ድምፅ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሰልፍ መውጣት ለማይችል ሰው ሌላም በር አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች ሹማምንትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ስለዚህ የመረጡትን ተወካይ ጥያቄ ማስያዝ ይቻላል። በአስተዳደር የተበደለ ሰው እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል፤ መብቱ የተጣሰ ደግሞ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን። ሁለቱም በ1992 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች የተቋቋሙ ናቸው። የመረጃ ነጻነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ ማንኛውም ሰው ምክንያቱን ሳይናገር መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ከከለከለ ለኃላፊው፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት ይባላል።

ማመልከቻው አንድ ገጽ አይሞላም። «በወረዳችን ባለፈው ዓመት ስንት ሕፃናት ተመዘገቡ? 18 ሳይሞላቸው ሊዳሩ ሲሉ ስንት ጋብቻ ታገደ?» ተብሎ ይጻፋል፤ ቀንና ፊርማ ይደረግበታል። ሲሰጥ ገቢ ተደርጎ ቁጥር ይጻፍበታል። ኮፒው ቤት ይቀመጣል፤ 30ው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ማመልከቻው ገቢ ከተደረገበት ዕለት ነው።